የሠርጉ ቪዲዮ የሚቆራረጠው ኢንተርኔቱ ስላነሰ አይደለም

ጥያቄ፦ «አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱና ፊልሞችን ወደ ቲቪ የሚልከውን ጄሊፊን የሚባል ፕሮግራም ጭኜ ሳሎን ባለው ቲቪ ፊልም እናያለን። ላፕቶፑ ኮር አይ5 አራተኛ ትውልድ ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ። ፊልሞቹ ያሉት በውጪ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ቲቪው 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ነው። ሁሉም የተገናኘው በዋይፋይ ነው። አብዛኞቹ ፊልሞች ደህና ይሠራሉ። የልጄ ሠርግ ቪዲዮ ግን በየጥቂት ሰከንዱ ስታክ ያደርጋል። ቪዲዮግራፈሩ በ4ኬ ነው የሰጠን፤ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ርዝመት አለው፣ 36 ጊጋባይት ነው። አንዳንድ ፊልሞች ደግሞ ምስል እያላቸው ድምፅ የላቸውም። የአማርኛ ስብታይትል ሳበራ ደህና ሲሠራ የነበረው ፊልም መቆራረጥ ይጀምራል፤ ፊደሎቹም ሳጥን ሳጥን ሆነው ይወጣሉ። ኢንተርኔታችን 10 ሜጋ ነው። ወደ 25 ላሳድገው? ወይስ ቲቪውን ልቀይር? ጄሊፊኑን ትተህ ፕሌክስ ጫን የሚሉኝም አሉ። ሪያድ ያለችው እህቴም ሠርጉን ከዚሁ ላፕቶፕ ማየት ትፈልጋለች።»

ምላሽ፦ ኢንተርኔቱን አያሳድጉ። ቲቪውንም አይቀይሩ። የመጀመሪያው ከጻፏቸው ችግሮች አንዱንም አይፈታም። ሁለተኛው ምናልባት የሠርጉን ቪዲዮ ያጫውት ይሆናል፤ ግን አንድ ፋይል ለማየት ሲባል ቲቪ መግዛት ነው የሚሆነው።

ኢንተርኔቱን መጀመሪያ ከጨዋታ ውጪ እናድርገው። ፊልሙ ያለው ላፕቶፑ ጋ ነው። ቲቪው ሳሎን ነው። ቪዲዮው ከላፕቶፑ ተነስቶ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ቲቪው ይሄዳል። ከግቢ አይወጣም። በየወሩ የሚከፍሉበት 10 ሜጋ ከራውተሩ ወደ ውጪ ያለው መንገድ ነው፤ ቤት ውስጥ ያለውን መንገድ አይነካውም። ካላመኑኝ ወርሃዊው ክፍያ አልቆ ኢንተርኔቱ በተዘጋ ቀን ይሞክሩት። ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ ጄሊፊኑ እንደወትሮው ይሠራል፣ የሠርጉ ቪዲዮም እንደወትሮው ይቆራረጣል።

ታዲያ የሚያንቀው የቱ ጋ ነው? ቲቪው ፊልም ሲጠይቅ ጄሊፊን ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። ቲቪው ፋይሉን እንዳለ ማንበብ ከቻለ እንዳለ ይልክለታል። ይህ ዳይሬክት ፕሌይ ይባላል፤ ላፕቶፑን ምንም አያደክመውም። ምስሉን ማንበብ ችሎ የፋይሉ አስተሻሸግ ብቻ ካልተስማማው፣ ምስሉን ሳይነካ በሌላ ዓይነት ፋይል አሽጎ ይልካል። ይህም ቀላል ሥራ ነው። ምስሉን ራሱን ማንበብ ካልቻለ ግን ላፕቶፑ እያንዳንዱን ምስል ፈትቶ፣ አሳንሶ፣ ቲቪው በሚያውቀው ኮዴክ (የምስል ወይም የድምፅ መጭመቂያ ዘዴ) እንደገና ሠርቶ መላክ አለበት፤ ያውም ፊልሙ እየታየ። ትራንስኮዲንግ የሚባለው ይህ ነው። እንግዳ ከደረሰ በኋላ ቡና እንደ መቁላት በሉት፤ እጅዎ ከፈጠነ ማንም አያውቅብዎትም፣ ካልፈጠነ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

አብዛኞቹ ፊልሞችዎ ደህና የሚሠሩት በኤች 264 ስለተሠሩ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ኮዴክ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ የማያነበው ቲቪ ማግኘት ይከብዳል። የሠርጉ ቪዲዮ ግን 4ኬ ነው። ከዘመናዊ ካሜራ የወጣ 4ኬ ብዙውን ጊዜ ኤች 265 ነው፣ በሌላ ስሙ ኤችኢቪሲ፤ የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ፉል ኤችዲ ቲቪ ኤችኢቪሲ የሚያውቅ ቢሆን እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ፉል ኤችዲ መጠን ድረስ ነው፤ 4ኬ ሲመጣለት አይቀበልም። በዚያ ላይ የሠርግ ቪዲዮግራፈሮች የሚወዱት 10 ቢት 4፡2፡2 የሚባል አቀራረጽ አለ። ቀለም ለማስተካከል ይመቻቸዋል። ችግሩ ቲቪዎች አያነቡትም። አዲስና ውድ የሆነው ቲቪ ጭምር። ስለዚህ ቪዲዮግራፈሩ ፋይሉን በዚያው አቀራረጽ ከሰጣችሁ፣ ቲቪ ገዝተውም ያው ችግር ሊጠብቅዎት ይችላል።

አሁን ስሌቱን እንሥራው። ቪዲዮዎ 80 ደቂቃ ነው፣ ማለትም 4,800 ሰከንድ። በሰከንድ 25 ምስል ከሆነ ጠቅላላው 120,000 ምስል ይሆናል። ላፕቶፕዎ ሁለት ኮር ያለው የ2013 ወይም የ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ ነው ብዬ እገምታለሁ። እንዲህ ያለ ሲፒዩ 4ኬ ኤችኢቪሲ እየፈታ ወደ ኤች 264 ሲቀይር በሰከንድ 10 ምስል እንኳ ቢያወጣ ጥሩ ሠራ ይባላል። ቲቪው በሰከንድ 25 ይበላል። ላፕቶፑ 10 ያቀርባል። ቲቪው የተጠራቀመውን ጨርሶ ይቆማል፣ ትንሽ ሲጠራቀምለት ይቀጥላል፣ እንደገና ይቆማል። «በየጥቂት ሰከንዱ» ያሉኝ በትክክል ይህ ነው።

ግምቴን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ቲቪው ላይ የሠርጉን ቪዲዮ ያስጀምሩ። በስልክዎ ብራውዘር ደግሞ ጄሊፊኑን በአስተዳዳሪው አካውንት ይክፈቱና ዳሽቦርዱ ላይ ይግቡ። የቲቪዎ ስም ያለበት ካርድ ይታያል። እዚያ ላይ ዳይሬክት መሆኑን ወይም ትራንስኮድ እያደረገ መሆኑን፣ ትራንስኮድ ከሆነም ምክንያቱን ይነግርዎታል፤ የምስሉ ኮዴክ አልተደገፈም፣ የድምፁ ኮዴክ አልተደገፈም፣ ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚላከው የዳታ መጠን) ከተፈቀደው በለጠ፣ ወዘተ። በሰከንድ ስንት ምስል እያወጣ እንደሆነም ያሳያል። ያ ቁጥር ከ25 በታች ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ይህን ሳያዩ ምንም ዕቃ አይግዙ። ብዙ ሰው ራውተር ይቀይራል፣ ኬብል ይቀይራል፣ በመጨረሻ ቲቪ ይቀይራል፤ ምክንያቱ እዚያ ገጽ ላይ ተጽፎ እያለ።

«ላፕቶፑ ግራፊክስ አለው፣ እሱ አያግዘውም ወይ?» ይሉ ይሆናል። ያግዛል፣ ግን በከፊል። ኢንቴል ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩዊክ ሲንክ የሚባል የቪዲዮ ክፍል ሲፒዩው ውስጥ ያስገባል። የእርስዎ አራተኛ ትውልድ ኤች 264ን በዚያ ክፍል መፍታትም መሥራትም ይችላል። ኤችኢቪሲ ግን በሃርድዌር የመጣው በስድስተኛው ትውልድ ነው፤ 10 ቢቱ ደግሞ በሰባተኛው። በጄሊፊን የፕሌይባክ ሴቲንግ ውስጥ ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚል ቦታ አለ። ኡቡንቱ ሊኑክስ ስለሆነ በእርስዎ ማሽን ላይ የሚመርጡት ቪኤ ኤፒአይ የሚለውን ነው። ከሥሩ ኮዴኮቹ በየሳጥናቸው ተደርድረዋል። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ ኤች 264 ላይ ብቻ ምልክት ያድርጉ። ኤችኢቪሲው ላይም ምልክት ካደረጉ ጄሊፊን የሌለውን ሃርድዌር ሊጠቀም ይሞክርና ቪዲዮው ጭራሽ አይከፈትም። ብዙዎች «ሃርድዌሩን ካበራሁ በኋላ ባሰበት» የሚሉት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋይፋዩ። ትራንስኮዲንጉ ነው ጥፋተኛው ብያለሁ፤ እሱ ቢፈታ ግን ዋይፋዩ ተራውን ይጠብቅዎታል። 36 ጊጋባይትን ወደ ሜጋቢት ስንቀይር (አንድ ባይት 8 ቢት ነው) 288,000 ገደማ ነው። ለ4,800 ሰከንድ ስናካፍለው በሰከንድ 60 ሜጋቢት ይመጣል። ይህ አማካዩ ነው፤ ብዙ እንቅስቃሴ ባለበት ቦታ፣ ጭፈራው ሲደምቅ፣ ከዚያም ይበልጣል። የራውተሩ ካርቶን ላይ 300 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይሆናል። እሱ በአየር ላይ ያለው የንድፈ ሐሳብ ፍጥነት ነው። በእውኑ ግማሹን ካገኙ ደስ ይበልዎት፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ በብሎኬት ግድግዳ ውስጥ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖሩ ከሆነና የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ ከተደራረበ፣ 30 ሜጋቢትም ላይሞላ ይችላል። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ሃያ ቤት በእነዚህ ሦስት ላይ ይሻማል ማለት ነው።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ላፕቶፑም ቲቪውም በዋይፋይ ሲሆኑ ቪዲዮው አየሩን ሁለት ጊዜ ነው የሚያቋርጠው። አንዴ ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ፣ አንዴ ከራውተሩ ወደ ቲቪው። ሁለቱም አንድ ቻናል ላይ ከሆኑ ተራ እየጠበቁ ነው የሚያወሩት፣ ያለው ፍጥነት ይከፈላል። ስለዚህ ላፕቶፑን ከራውተሩ አጠገብ ያስቀምጡና በኔትወርክ ኬብል ያገናኙት። በዚህ መልስ ውስጥ ካሉት ሁሉ በትንሽ ብር ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። ቲቪውን በዋይፋይ ይተዉት፤ ግን 5 ጊጋኸርዝ የሚያውቅ ከሆነ ወደዚያ ያዛውሩት። 5 ጊጋኸርዝ ይፈጥናል፣ ግድግዳ ግን ይከብደዋል፤ ራውተሩ ሳሎን ካልሆነ ላይጠቅም ይችላል። ቲቪውን በኬብል ማገናኘት ከፈለጉም ይቻላል፣ ብቻ የብዙ ቲቪዎች የኬብል ቀዳዳ በ100 ሜጋቢት የተወሰነ መሆኑን ይወቁ። ለእርስዎ ፊልሞች ይበቃል።

ሁለት ሌሎች ምልክቶችን በአጭሩ ላንሳ፤ መንስኤያቸው ሌላ ነው። ፊልሙ ሁልጊዜ እዚያው ደቂቃ ላይ የሚቆም ከሆነ ፋይሉ ራሱ ተበላሽቷል፣ ወይም ሃርድ ዲስኩ እዚያ ቦታ ላይ እየሞተ ነው። በተለያየ ቦታ የሚቆም ከሆነ ሲፒዩ ወይም ዋይፋይ ነው። ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ደህና ሠርቶ ከዚያ መንገዳገድ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑ ግሏል። ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ክዳኑ ተዘግቶ መደርደሪያ ውስጥ የተሸጎጠ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ፋኑ አቧራ ከጠገበ፣ የሚያደርገው ይህንን ነው። ያስጠርጉት፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ ያስቀምጡት።

ለሠርጉ ቪዲዮ የምመክርዎ አንድ ነገር ነው፦ ቲቪው በቀላሉ የሚያነበው ሁለተኛ ቅጂ ያዘጋጁ። ፉል ኤችዲ፣ ኤች 264፣ 8 ቢት፣ ድምፁ ኤኤሲ ስቴሪዮ፣ ፋይሉ ኤምፒ4። ቲቪዎ ፉል ኤችዲ ስለሆነ 4ኬውን ቢያጫውትም የሚያሳይዎት ፉል ኤችዲ ነው። በዓይን የሚያጡት ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ቅጂውን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ስልክ መደወል ነው። ቪዲዮግራፈሩ ፕሮጀክቱን ገና ካላጠፋው «ፉል ኤችዲ፣ ኤች 264፣ ኤምፒ4፣ ኤችዲአር ያልሆነ» ይበሉት። ለእሱ የጥቂት ደቂቃ ጣጣ ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራለታል። ባለሙያዎቹ ትልቁን ፋይል የሚሰጡት ደንበኛው ጥራት እንዳይጎድልበት ብለው ነው። ደንበኛው በምን እንደሚያየው ግን አይጠይቁም። ኤችዲአር ያልሆነ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኤችዲአር፣ ማለትም ሰፋ ያለ የብርሃንና የቀለም ልዩነት የሚይዝ ቪዲዮ፣ በተራ ቲቪ ላይ ሲታይ ፊቱ ሁሉ የደበዘዘ፣ ነጩ ቀሚስ ግራጫ መሳይ ይሆናል። ከአይፎን 12 ወዲህ ያሉት አይፎኖችም ሴቲንጉን ካላጠፉት በኤችዲአር ስለሚቀርጹ፣ ዘመድ አዝማድ በስልክ የቀረጸው ላይም ይህን ያያሉ።

ቪዲዮግራፈሩ ካልተገኘ ሃንድብሬክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ይጫኑ። ኡቡንቱ ላይም ዊንዶውስ ላይም ይሠራል። ፋይሉን ያስገቡ፣ ከተዘጋጁት ምርጫዎች ውስጥ ፋስት 1080ፒ30 የሚለውን ይምረጡ፣ የጥራቱን ቁጥር 20 አካባቢ ያድርጉት። ይህ ቁጥር ሲቀንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይተልቃል፤ ሰው ተሳስቶ ወደ 30 ያወጣውና ምስሉ ለምን ጭቃ ሆነ ይላል። ሙሉውን ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ደቂቃ ብቻ ቆርጠው ይሞክሩ። ሙሽሮቹ የሚጨፍሩበትን ወይም ማታ ላይ የተቀረጸውን ቦታ ይምረጡ፤ ጉድለት ካለ እዚያ ነው የሚታየው። ቲቪው ላይ ደህና ከሠራ ሙሉውን አስጀምረው ይተኙ። ቅድም ያሰብነውን 120,000 ምስል በሰከንድ 10 ብናሰላው ሦስት ሰዓት ተኩል ሊጠጋ ነው። ላፕቶፑ ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። ይዘግይ፤ አሁን የሚጠብቀው ሰው የለም። ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው፦ ያው ሥራ ነው፣ አንዴ ሌሊት ሠርተው ይገላገላሉ፣ ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ፋይሉን ዝም ብሎ መላክ ብቻ ነው።

36 ጊጋባይቱን ግን እንዳያጠፉ። አዲሱ ቅጂ ለማየት ነው፣ ዋናው ለማስቀመጥ። ዋናው ያለው በዚያ አንድ የውጪ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ከመቆራረጡ ይልቅ ያ ነው እንቅልፍ ሊነሳዎ የሚገባው። ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠው እዚያው ቤት ሳይሆን ዘመድ ጋ ያስቀምጡ።

ድምፅ የሌላቸው ፊልሞች። የእነዚህ ድምፅ ዲቲኤስ በሚባል ኮዴክ የተሠራ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ሳምሰንግ ከ2018 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስ ማንበብ ትቷል። ኤልጂም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትቶት ነበር፣ በ2023 በአንዳንዶቹ ላይ መልሶታል። በተለምዶ ጄሊፊን ቲቪው ዲቲኤስ እንደማያውቅ ከተነገረው ድምፁን ብቻ ቀይሮ ይልካል፤ ይህ ለአሮጌ ላፕቶፕም ቀላል ነው። ድምፁ ጭራሽ የጠፋው ቲቪው ላይ ያለው አፕ «አውቃለሁ» ብሎ ስለተቀበለ ነው። መጀመሪያ አፑን ያዘምኑ። ከዚያ በድምፅ ሴቲንጉ ውስጥ ወደ ስቴሪዮ ቀይር የሚል ምርጫ ካለ ያብሩት። ፊልሙ ሁለት የድምፅ ትራክ ካለውም ሌላውን ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ዲቲኤስ ሆኖ ሌላው ኤሲ3 ነው። ስፒከር መግዛት ለዚህ መልስ አይደለም።

የአማርኛ ስብታይትሉ ደስ ያለኝ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱ ምልክቶች አንድ ላይ መምጣታቸው ራሱ መልሱን ይናገራል። ስብታይትል ሲያበሩ ሁለት መንገድ አለ። ወይ ጄሊፊን ጽሑፉን ለቲቪው ሰጥቶት ቲቪው ራሱ ስክሪኑ ላይ ይጽፈዋል፤ ወይ ላፕቶፑ ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትሞ ይልካል። ሁለተኛው ከሆነ እያንዳንዱ ምስል መቀየር አለበት፤ ፊልሙ በኤች 264 ቢሆንም ትራንስኮዲንግ ውስጥ ይገባል። ፊልሙ መቆራረጥ የጀመረው ስብታይትሉን ሲያበሩ ከሆነ፣ ፊደሉን እየጻፈ ያለው ላፕቶፑ ነው። ሳጥን የሚወጣውም ላፕቶፑ ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ስለሌለ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ነጻ ፎንት ኡቡንቱው ላይ ይጫኑና ጄሊፊንን ዘግተው እንደገና ያስነሱት። ሳጥኑ ይጠፋል።

መቆራረጡን ለማጥፋት ደግሞ በአፑ የስብታይትል ሴቲንግ ውስጥ ስብታይትል ምስሉ ላይ የሚታተመው መቼ እንደሆነ የሚወስን ምርጫ አለ። በምስል መልክ ላሉት ብቻ የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ ተራ ጽሑፍ የሆነውን፣ ኤስአርቲ የሚባለውን፣ ለቲቪው ይተውለታል። እዚህ ላይ ገደብ አለ፤ ቲቪው ራሱ የአማርኛ ፎንት ከሌለው ሳጥኑ ተመልሶ ይመጣል፣ ያንን እርስዎ ማስተካከል አይችሉም። እንዲያ ከሆነ ማተሙን መልሰው ያብሩት። የፉል ኤችዲ ኤች 264 ፊልም ከሆነና ከላይ ያልኩትን ቪኤ ኤፒአይ ካስተካከሉ ላፕቶፕዎ ሊወጣው ይችላል። ከብሉሬይ የተገለበጡ ፊልሞች ይዘውት የሚመጡት ስብታይትል ግን ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ነው፤ እሱ በብዙ ቲቪ ላይ ካልታተመ አይታይም።

ፊደሉ ሳጥን ሳይሆን የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ከወጣ ግን ነገሩ ከፎንት ያልፋል። ፋይሉ የተቀመጠው በዩቲኤፍ 8 አይደለም፣ ወይም ከዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ከሚጠቀምበት የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የተጻፈ ነው። የመጀመሪያውን በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 አድርጎ ማስቀመጥ ይፈታዋል። ሁለተኛው ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ ማስቀመጡ ብቻ አይበቃም።

ፕሌክስ ይሻላል ላሉዎት፦ ፕሌክስ ደህና ፕሮግራም ነው፣ ግን ላፕቶፑን አያፈጥነውም። ያው ሲፒዩ ያንኑ ፋይል ነው የሚፈታው። እንዲያውም በሃርድዌር ትራንስኮድ ማድረግ ፕሌክስ ላይ የሚከፈልበት ነው፤ ጄሊፊን ላይ ነጻ ነው። ጄሊፊንን ትተው የሚሄዱበት ምክንያት አይታየኝም።

ገንዘብ ማውጣት ከፈለጉ የት ያውጡት? በቤታችሁ 4ኬ ቪዲዮ እየበዛ ከሄደና ሁሉንም ሌሊት ሌሊት መቀየር ከሰለቸዎ፣ ቲቪውን ትተው ላፕቶፑን ይቀይሩ። ሰባተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ያገለገለ ኢንቴል ኮምፒውተር፣ ወይም ኢንቴል ኤን100 ያለበት ሚኒ ፒሲ 10 ቢት ኤችኢቪሲን (4፡2፡2 ያልሆነውን) በሃርድዌር ይወጣዋል። መብራትም አይበላም። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡ ስም የለሽ የአንድሮይድ ቲቪ ቦክሶችን ግን እንዳይገዙ። በ2023 እ.ኤ.አ. የደኅንነት ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ ከፋብሪካው ቫይረስ ተጭኖባቸው እንደሚመጡ አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ነገር የሚገባው የባንክ አፕ ያለበት ስልክዎ ከሚጠቀምበት ዋይፋይ ውስጥ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ይቆያል። የውጪው ሃርድ ዲስክ የራሱ አዳፕተር ያለው ከሆነ ግን ወዲያው ይጠፋል፣ እየጻፈ ከነበረም ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ብቻ ኃይል የሚወስደው ትንሹ ዓይነት ለእኛ አገር ይሻላል። ለራውተሩም አነስተኛ ዩፒኤስ ቢኖር ጥሩ ነው።

የሪያዷ እህትዎ ጉዳይ ላይ ኢንተርኔቱ በመጨረሻ ይመለከተናል፤ ያውም የሚጭነው ፍጥነት፣ አፕሎዱ። ብዙ ሰው ስፒድ ቴስት ሲሠራ የሚያየው ዳውንሎዱን ብቻ ነው። አፕሎድዎ ለምሳሌ 4 ሜጋቢት ከሆነ 60 ሜጋቢቱ ቪዲዮ በምንም መንገድ አያልፍበትም፤ አዲሱም ቅጂ 5 ሜጋቢት ገደማ ከሆነ ይቆራረጥባታል። ለአንድ ሠርግ ብለው ላፕቶፑን ለዓለም አይክፈቱ። ራውተሩ ላይ ፖርት ክፈት የሚል ምክር ከሰሙ እንዳይቀበሉ፤ በዚያ በር የሚገባው እህትዎ ብቻ አትሆንም። 80 ደቂቃ በ5 ሜጋቢት 3 ጊጋባይት ነው። ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣል። በ4 ሜጋቢት አፕሎድ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ውስጥ ይጫናል፤ ሊንኩን ለእሷ ኢሜይል ብቻ ፈቅደው ይላኩላት፣ አውርዳ ትየው። እንደዚያ ከሆነ መብራት እዚህ ቢጠፋም እዚያ አይቋረጥባትም። ሌሎቹንም የቤተሰብ ቪዲዮዎች በየጊዜው ማየት ከፈለገች ሁለት መሣሪያዎችን በግል መንገድ የሚያገናኘውን ቴይልስኬል የሚባል ፕሮግራም በላፕቶፑና በስልኳ ላይ ይጫኑ፤ ለግል አጠቃቀም ነጻ ነው፣ ፖርት መክፈትም አይጠይቅም። ከዚያ በጄሊፊን የስትሪሚንግ ሴቲንግ ውስጥ ከቤት ውጪ ላሉ የሚፈቀደውን ቢትሬት ከአፕሎድዎ ዝቅ አድርገው ይወስኑ፤ አፕሎዱ 4 ከሆነ 3 ይበቃል።